የ48ቱ ትረካ

እስኪ ቀረብ በሉና ወደ ወላይታ ሶዶ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ 1929 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ሚያዝያ። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት እንግሊዝ አገር ናቸው። አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው፤ በየካቲት 12 ለወደቁት ወገኖች የተቀመጠው ለቅሶ ገና አልበረደም። የፋሺስት ጦር ወላይታም ደርሷል። ኦቶና በሚባለው ኮረብታ ላይ ሐኪም ቤት ከፍተው ወንጌል ሲያስተምሩ የኖሩት ፈረንጆች አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዋል።

እነዚህ ሰዎች የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ናቸው። በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረዱት በ1920 ዓ.ም. ነበር። በሶዶ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት ከዓመታት ልፋት በኋላ በ1926 ዓ.ም. ነው፤ እነሱም ከጣት ቁጥር የማያልፉ፣ 10 ሰዎች። ወረራው በመጣ ጊዜ ከዚሁ ሚሽን ክሊፍ ሚቼልና ቶም ዴቨርስ የተባሉ ሁለት ሚሲዮናውያን በ1928 ዓ.ም. መንገድ ላይ ተገደሉ። አሁን ደግሞ የቀሩት ሊሄዱ ነው። ትተዋቸው የሚሄዱት የተጠመቁ የወላይታ ምእመናን ሲቆጠሩ 48 ብቻ ሆኑ።

48 ሰው! አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች። በገዛ ቋንቋቸው በእጃቸው ያለው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ከመጽሐፍ ቅዱስ የተመረጡ ክፍሎች ነው። የአባቶቻቸውን አምልኮ በመተዋቸው ከዘመድ የተቃቃሩ አሉ። ሐኪሞቹ ሄዱ፣ አስተማሪዎቹ ሄዱ፤ የቀረው አዲሱ ገዢ ነው፣ እሱም አይወዳቸውም።

ይህን ታሪክ የምታውቁት ብዙዎቻችሁ መጨረሻውን አስቀድማችሁ ነው የሰማችሁት። በየስብሰባው ይነገራል፤ ጥቂት ነበሩ፣ እልፍ ሆኑ፣ ሃሌ ሉያ! እውነት ነው፣ ሃሌ ሉያ። እኔ ግን ወደ መጨረሻው አልቸኩልም። ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች መጨረሻውን አያውቁትም ነበር። ያ ዘመን 5 ዓመት ይቆይ 50 ማን ነገራቸው? ጣልያን የተቀመጠው ለዘላለም ነኝ ብሎ ነው። ሲመሽ የሚያድሩት በዚያ ሐሳብ ነው፤ ሲነጋ የሚነሡትም በዚያው ሐሳብ ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ተሰበሰቡ። ማንበብ የሚችል አነበበ፣ የማይችለው ሰምቶ በልቡ ያዘ፤ የያዘውንም ለጎረቤቱ ነገረ። ጸሎት ቤት ሠሩ። ሲፈርስባቸው መልሰው ሠሩ። ይህን የሰማው ገዢ መሪዎቹን ለቀመና ወኅኒ ከተታቸው። ዋንዳሮ ዳባሮ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጦሮ ዱቡሾም እንዲሁ። ስብከቱን ተዉ ተባሉ፤ አልተዉም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የግርፋቱን ታሪክ ሁሉም ይተርከዋል፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ስንቁ ነው። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ወኅኒ የገባ ሰው የሚበላው ከቤቱ ከመጣለት ነበር። ዘመድ የሌለው እስረኛ ከጓደኛው እጅ ይጠብቅ ነበር፤ ካልሰጠው ይራብ ነበር። የወላይታ ምእመናን ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ማመላለስ ያዙ። ለራሳቸው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ጠያቂ ያጣው እስረኛም ከዚያው በላ። ዘበኛው አየ፣ እስረኛው አየ፣ በመንገድ የሚያልፈውም አየ። ዘመድ ያልሆነ ሰው ለዘመድ ያልሆነ ሰው ለምን ይደክማል? ብሎ ጠየቀ። የጠየቀውም መልሱን ፍለጋ መጣ።

እስኪ አንዲቷን ሴት አስቧት። ባሏ ታስሯል። ልጅ አዝላለች። በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። በሩ ላይ መሣሪያ የያዘ ወታደር ቆሟል። ይህች ሴት አትፈራም ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ትፈራለች፤ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ግን ትሄዳለች፤ ነገም ትመለሳለች። እምነት በዚያ ዳገት ላይ ይህን ይመስል ነበር።

ይህን የምለው አንድ ነገር ስላሳዘነኝ ነው። ዛሬ በየጉባኤያችን የተጨነቀ ሰው ሲመጣ «ፍርሃት የእምነት ማነስ ነው» ብለን እንመልሰዋለን። ልጁ በበረሃ መንገድ የጠፋበት አባት፣ ዓረብ አገር ካለች ልጇ ድምፅ ከሰማች ወራት ያለፋት እናት፣ ኪራይ የከበደው ወጣት፣ በጭንቀቱ ላይ ኀፍረት ጨምረንበት ይወጣል። የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 12 አንብቡ። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለ፤ ጴጥሮስን አሰረ። ምእመናኑ ማርያም በምትባል ሴት ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ጴጥሮስ ተፈቶ በሩን ሲያንኳኳ ሮዴ የምትባል ልጅ ድምፁን ለይታ እየሮጠች ነገረቻቸው፤ እነሱም አብደሻል አሏት። ሲጸልዩ ያመሹት ራሳቸው አላመኑም! ጌታ ግን ጴጥሮስን ከደጅ አልመለሰባቸውም። ያዕቆብም በዚያው ምዕራፍ አለ፤ ለእሱም ተጸልዮ ይሆናል፣ እሱ ግን አልተረፈም። በእግዚአብሔር መታመን ሁልጊዜ ሰንሰለት ይፈታል የሚል ሰው ያዕቆብን ዘሎ ነው ያነበበው።

ወደ ወላይታ ልመልሳችሁ። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. መጣ። ሚሲዮናውያኑ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ሲመለሱ ያገኙት የሚያምኑት ዓይነት አልነበረም፤ በግምት 10 ሺህ ያህል አማኝ፣ በየቀበሌው የቆሙ ጸሎት ቤቶች፣ ከመካከላቸው የተነሡ የራሳቸው ሽማግሌዎችና ወንጌላውያን። ወላይታዎቹ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማ ወንጌል ይዘው የሚሄዱ መልእክተኞች ሆኑ። ዛሬ ቃለ ሕይወት የምንላት ቤተ ክርስቲያን አንዱ ሥሯ እዚያ ነው።

የታሪክ ሰዎች ለዚህ መብዛት ሌላም ምክንያት ይጠቅሳሉ። የገባር ሥርዓት ተናግቶ ነበር፤ የቆየው ሥልጣን ተነቃንቆ ሕዝቡ አዲስ መደገፊያ ይፈልግ ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ የምክደው ነገር አይደለም። ግን ሥርዓት ስለ ፈረሰ ብቻ ለማያውቀው እስረኛ ምግብ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው አይገኝም። ያንን ያደረጉት ሰዎች ለምን እንዳደረጉት ቢጠየቁ አንድ መልስ ነበራቸው፤ ጌታ እዚያ ውስጥም አለ ብለው አምነው ነበር።

አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የዋንዳሮና የጦሮ ስም በመጻሕፍት ተመዝግቧል፤ ይገባቸዋልም። ስንቁን ያመላለሱት ሴቶች ስም ግን ባነበብሁት ሁሉ እምብዛም አላገኘሁትም። የእነዚያ ሴቶች ልጆች ዛሬ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ሶዶ፣ አረካ፣ ቦዲቲ፣ ሁምቦ ዘመድ ያላችሁ አንባብያን፣ በዚህ ዓመት ስትሄዱ ከአረጋውያኑ ጎን ቁጭ በሉ። እናታችሁ ማን ትባል ነበር? ለማን ነበር ስንቅ የምታመላልሰው? ብላችሁ ጠይቁ። ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፉት፤ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንም ስጡ።