የጨረር ሕክምና ተማሪዎችና የሀል ዩኒቨርሲቲ ቨርቹዋል ክፍል

ሊኒየር አክሰለሬተር፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በማፍጠን ለካንሰር ሕክምና የሚውል ከፍተኛ ኃይል ያለው ጨረር የሚያመነጨው መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን በሚገኘው ሐመርስሚዝ ሆስፒታል አገልግሎት መስጠት ከጀመረ በኋላ፣ የሙያው ተማሪዎች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተግባር ትምህርታቸውን የቀሰሙት ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል፣ ከነባሩ ባለሙያ ጎን ቆመው ነበር። መሣሪያው ውድና በታካሚዎች የተያዘ በመሆኑ ጀማሪው እጁን የሚያፍታታበት በቂ ጊዜ አያገኝም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨረር በዓይን ስለማይታይ፣ በሰውነት ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ በሐሳቡ መሣል ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህን ችግር ለማቃለል በእንግሊዝ የሀል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎችና በዚያው ከተማ የሚሠሩ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች «ቨርት» የተባለውን ሥርዓት ፈጠሩ። ተማሪው ልዩ መነጽር አድርጎ ከግዙፍ ስክሪን ፊት ሲቆም የሕክምናው ክፍል ጥልቀት ኖሮት ይታየዋል፤ የያዘው የእጅ መቆጣጠሪያ የእውነተኛው መሣሪያ ዓይነት በመሆኑም፣ ቁልፉን ሲጫን የመሣሪያው ክንድ በአልጋው ዙሪያ ይዞራል፣ የጨረሩም መንገድ ቆዳን አልፎ እስከ ዕጢውና አጠገቡ እስካለው ጤነኛ አካል ድረስ በቀለም ተለይቶ ይታያል። የታካሚ አቀማመጥ በጥቂቱ ሲዛባ የሚከተለውን ጉዳት ማንንም ሳይጎዱ ማየት መቻሉ የዚህ ፈጠራ ታላቁ ብልጫ ነው።

የእንግሊዝ ብሔራዊ የራዲዮቴራፒ አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት ይህን መሰል ሥልጠና ከደገፈ በኋላ፣ መንግሥት ገንዘብ መድቦ ቨርት በአገሪቱ የራዲዮቴራፒ ማዕከላትና ዩኒቨርሲቲዎች እንዲተከል አደረገ፤ በሆስፒታል የሚሰጠው የተግባር ልምምድም ከዚሁ ጎን ለጎን ቀጠለ።