የመጀመሪያው ሰዓት ቅባት

የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት፣ 1 በመቶ
የአሉሚኒየም ቱቦ

በጤና ባለሙያዎች አንደበት «ቲቲሲ» ይባላል። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ዓይኖቹ ይቀባሉ፤ ቅባቱም አይጠረግም። ዓላማው በወሊድ ጊዜ ከእናት ሊተላለፍ የሚችለውን የጨብጥና የክላሚዲያ ኢንፌክሽን መከላከል ነው። ጨብጥ ካልታከመ የሕፃኑን ዓይን በጥቂት ቀናት ውስጥ አቁስሎ ሊያሳውር ይችላል።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ላይፕዚግ ሐኪሙ ካርል ክሬዴ 2 በመቶ የብር ናይትሬት ጠብታ መጠቀም ጀመረ። በማዋለጃው ከ10 ሕፃናት አንዱን ገደማ ይይዝ የነበረው የዓይን በሽታ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ጠብታው ግን ዓይን ይቆጠቁጥ ስለነበር በብዙ አገሮች ቦታውን ለአንቲባዮቲክ ቅባት ለቀቀ።

ለአራስ ሕፃን ከቅባቱ ጋር ቫይታሚን ኬ ጭኑ ላይ ይወጋል፦ 1 ሚሊግራም፣ ከ1,500 ግራም በታች ለሚመዝን 0.5 ሚሊግራም።

በትግራይ የሚገኘው የቁሓ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው ይታወቃል። ይህ ቱቦ ግን ከዓይን ሐኪሙ አስቀድሞ በአዋላጇ እጅ ይገኛል።