የዛጉዌ ነገሥታት መናገሻ ሮሃና የላስታ ተራሮች፦ ለጎብኚዎች የተዘጋጀ መረጃ

ላሊበላ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ ዞን፣ በላስታ ተራሮች መካከል ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀድሞ ሮሃ ተብላ ትጠራ የነበረች ሲሆን፣ የዛሬ መጠሪያዋን ያገኘችው ከንጉሥ ላሊበላ ነው። ይህ ገጽ ጥንታዊቱን መናገሻና በዙሪያዋ የሚገኙ ቅርሶችን ለመጎብኘት ለሚፈልጉ ዜጎች ከጉዞ በፊት ሊያውቁት የሚገባውን መረጃ ይሰጣል።

ከመናገሻው ምን ቀርቷል?

የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥልጣን ሲይዙ አብቅቷል፤ የመንግሥቱም ማዕከል ወደ ደቡብ ተዛውሯል። በገድላት ውስጥ አደፋ በሚል ስም የሚጠቀሰው የነገሥታቱ መቀመጫ በዛሬዋ ላሊበላ አካባቢ እንደነበረ ይታመናል። ሆኖም ጎብኚው በዚህ ስፍራ እንደ ጎንደሩ ፋሲል ግቢ ያለ የቆመ የቤተ መንግሥት ግንብ አያገኝም። ከመናገሻው ለትውልድ የደረሰው ከአለት የተፈለፈለውና በዋሻ የተጠለለው ክፍል ሲሆን፣ እርሱም እስከ ዛሬ ድረስ አገልግሎት የሚሰጥ የጸሎት ቤት ነው። ስለሆነም ላሊበላን የሚጎበኝ ሰው ወደ ፍርስራሽ ሳይሆን ሰው ወዳለበት ቤት እንደሚገባ ሊገነዘብ ይገባል።

በከተማው ውስጥ የሚጎበኙ

አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዮርዳኖስ ተብሎ የሚጠራው ወንዝ በሁለት ምድብ ይከፍላቸዋል። በሰሜኑ ምድብ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ደብረ ሲናና ቤተ ጎልጎታ ይገኛሉ። ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና ከሁሉም ግዙፉ ነው። በሁለተኛው ምድብ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ይገኛሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ተለይቶ፣ ከላይ ወደ ታች በተቆፈረ 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ለብቻው ቆሟል።

የነገሥታቱን አሻራ ለይቶ ማየት የሚፈልግ ጎብኚ ለቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ለቤተ መርቆሬዎስ በቂ ጊዜ ቢመድብ ይመከራል። በአሠራራቸው ከሌሎቹ የሚለዩ በመሆናቸው፣ ሁለቱ መጀመሪያ የተፈለፈሉት ለቤተ ክርስቲያንነት ሳይሆን ለመኖሪያነት ወይም ለመከላከያነት ሳይሆን እንደማይቀር የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። በከተማው የሚታዩት ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብና ባለ ሁለት ደርብ የላስታ ቤቶችም የቅርሱ አካል ናቸው።

በዙሪያው ተራሮች የሚጎበኙ

ይምርሐነ ክርስቶስ፦ ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኝ ሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ ድንጋይና እንጨት በማፈራረቅ በአክሱም የአሠራር ስልት የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከጎኑ የንጉሡ ቤተ መንግሥት እንደነበረ የሚነገርለት ሕንፃ ይገኛል።

ናኵቶ ለአብ፦ ከከተማው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ተጠራቅሞ ለጠበልነት ያገለግላል።

አሸተን ማርያም፦ ከከተማው በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ገዳም ናት። በእግር ወይም በበቅሎ የሚደረገው አቀበት የግማሽ ቀን ጊዜ ይጠይቃል። የአካባቢው ከፍተኛ ተራራ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው።

እንዴትና መቼ መሄድ ይቻላል?

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በየብስ በደሴና በወልድያ፣ ወይም ከባሕር ዳር በደብረ ታቦር በኩል ጋሸና ተደርሶ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ወቅታዊ ሁኔታ ከሚመለከታቸው የአካባቢው አስተዳደር አካላት ያረጋግጡ።

በክረምት ወራት የገጠሩ መንገድና የተራራው መውጫ ስለሚያዳልጥ፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለው የበጋ ወቅት ተመራጭ ነው። የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል፤ በቤተ ማርያም የሚከናወነውን የቤዛ ኩሉ ሥርዓት ለማየት እጅግ ብዙ ምእመናን ይሰበሰባሉ። በዚህ ጊዜ ለመሄድ ያሰበ ሰው ማረፊያውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ቅርሱን ተረጋግቶ ለመመልከት የሚሻ ግን ከበዓላት ውጭ ያሉትን ቀናት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከጎብኚው የሚጠበቅ ሥነ ምግባር

አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በአንጻራዊነት ለስላሳ በመሆኑ ዝናብ፣ እርጥበትና የሰው ንክኪ ያሳሱታል። በአንዳንዶቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከሉት መጠለያዎች የዝናቡን ጉዳት ለመቀነስ በጊዜያዊነት የተሠሩ ናቸው። ከሰው እጅ የሚመጣውን ጉዳት ግን መጠለያ አያስቀረውም። ስለዚህ፦

• የመግቢያ ክፍያ በቲኬት ቢሮው ብቻ ይፈጽሙ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። ከከተማው ውጭ ያሉት ቦታዎች ለየብቻ ያስከፍላሉ።
• ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ከደጃፉ ጫማዎን ያውልቁ። በቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንደማይገቡ ይወቁ።
• ሥዕላትን በእጅ አይንኩ፤ በካሜራ ፍላሽም አያንሱ።
• ቅዳሴ ወይም ጸሎት ሲኖር እስኪያበቃ ይጠብቁ። መጋረጃ ወደተጋረደበት መቅደስ አይጠጉ።
• በግድግዳ ላይ ስም አይጻፉ፤ የድንጋይ ስባሪ ለማስታወሻ አይውሰዱ።
• ለጨለማ ዋሻዎች የእጅ ባትሪ ይያዙ። ፈቃድ ያለው የአካባቢ አስጎብኚም ይጠቀሙ።

ቅርስ በአጋጣሚ ቢገኝ

የመናገሻው አካል የነበረ ብዙ ነገር አሁንም በማሳና በመንደር ሥር ሊኖር ይችላል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና፣ ቅርሱን የሚመለከተው አካል እስኪረከበው ድረስ ባለበት ሁኔታ ጠብቆ ማቆየት ግዴታው ነው። ከመሬት ተነቅሎ የተወሰደ ሸክላ ወይም ጥርብ ድንጋይ የት፣ በምን ጥልቀትና ከምን ጋር እንደነበረ መናገር አይችልም። የቆመ ቤተ መንግሥት ባልተረፈበት በዚህ ስፍራ ደግሞ የመናገሻውን ታሪክ ሊያሟላ የሚችለው እንዲህ ያለው ማስረጃ ነው። ጥቆማ በአቅራቢያ ለሚገኝ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማቅረብ ይቻላል።