በኮሎምበስ የተቀመጠው በረዶ፣ በኒው አልባኒ የሚበራው መብራት

ኦሃዮ ውቅያኖስ አያዋስናትም። ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ኒው አልባኒም ከአትላንቲክ ዳርቻ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ትርቃለች። ይሁን እንጂ ምድር ለምን ትሞቃለች፣ የባሕር ጠለልስ ለምን ከፍ ይላል በሚለው ክርክር ውስጥ ይህ አካባቢ ሁለት ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ አንድ ጊዜ በመርማሪነት፣ አሁን ደግሞ በኃይል ፈላጊነት።

እ.ኤ.አ. በ1978 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የበረዶ ተመራማሪ ጆን መርሰር በኔቸር መጽሔት አንድ ማስጠንቀቂያ አሳተመ። የከሰልና የነዳጅ ፍጆታ በዚያው ፍጥነት ከቀጠለ የምዕራብ አንታርክቲካ የበረዶ ግግር ሊናድ፣ የባሕር ጠለልም 5 ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይችላል አለ። የመጀመሪያው ምልክት በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ዳርና ዳር የተንሳፈፉት የበረዶ ንጣፎች መሰባበር እንደሚሆንም ጻፈ። ብዙዎች ነገሩን እንደ ማጋነን ቆጠሩት። መርሰር በ1987 ሞተ፤ ላርሰን ኤ የተባለው ንጣፍ በ1995፣ ላርሰን ቢ ደግሞ በ2002 ተሰባበሩ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወስደናል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሎኒ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ በ2000 ከኪሊማንጃሮ አናት ስድስት የበረዶ ዓምዶችን ቆፍረው አወጡ፤ ወደ ኮሎምበስም አምጥተው በማቀዝቀዣ ክፍል አኖሯቸው። በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከ1912 ወዲህ ከተራራው የበረዶ ሽፋን 80 በመቶ ያህሉ መጥፋቱን ገለጹ፤ ቀሪውም ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ሊያልቅ እንደሚችል ተነበዩ።

ክርክሩ የተጋጋለው ከዚህ በኋላ ነው። በ2004 ጌኦርግ ካዘርና ባልደረቦቹ ሌላ ምክንያት አቀረቡ። በተራራው አናት የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች እንደሆነ፣ በረዶውም በአመዛኙ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ተንነት እየተለወጠ እንደሚያልቅ፣ ዋናው ምክንያትም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የአካባቢው አየር መድረቁ እንደሆነ ተከራከሩ። የቶምፕሰን ወገን መልስ ያገኘው ከዓምዶቹ ውስጥ ነው። ከ4,000 ዓመታት በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ለ300 ዓመታት ያህል የዘለቀ ድርቅ በበረዶው ውስጥ የአቧራ ንጣፍ ጥሎ አልፏል፤ በረዶውን ግን አላጠፋውም። በአንጻሩ የመቅለጥ ምልክት የታየው በላይኛውና በቅርብ ጊዜው ንጣፍ ላይ ነው።

ሁለቱም ወገኖች በቁም ነገር የተከራከሩ ምሁራን ነበሩ። የጥፋቱ ትንበያም በተባለው ጊዜ አልደረሰም፤ በረዶው እጅግ ቢሳሳም ዛሬም አለ። ችግሩ ሌሎች ይህን የአንድ ተራራ ክርክር ወስደው «እንግዲያው የምድር መሞቅ ሐሰት ነው» ማለታቸው ነው። የአንድ ሕመምተኛ ምርመራ ማከራከሩ ወረርሽኙ የለም ለማለት አያበቃም።

የምድር ሙቀት ማስረጃ በአንድ ተራራ ላይ አልተመሠረተም። ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆን ኖሮ ላይኛውም የከባቢ አየር ንጣፍ በሞቀ ነበር፤ ሆኖም ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው ቀዝቅዟል። በአየር ውስጥ የበዛው ካርቦንም ከከርሰ ምድር ነዳጅ የመጣ መሆኑ በኬሚካላዊ አሻራው ይታወቃል። ከ1901 እስከ 2018 የባሕር ጠለል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከ1971 ወዲህ ለተመዘገበው ጭማሪ ግማሽ ያህሉ ምክንያት ውኃው ራሱ ሲሞቅ መስፋቱ ሲሆን፣ አብዛኛው ቀሪ ደግሞ በየብስ ላይ የነበረ በረዶ መቅለጡ ነው።

የምክንያቱ ጥያቄ እንዲህ ሲመለስ የሒሳቡ ጥያቄ ይከተላል፤ ማን ይክፈል? ኒው አልባኒ እዚህ ላይ ትመለሳለች። ጎግል፣ አማዞንና ሜታ በዚያ የመረጃ ማዕከላት ገንብተዋል፤ ሜታ በ2025 ይፋ ያደረገው ማዕከል ብቻ 1,000 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲኖረው ታቅዷል። ይህ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ልዩነቱ በኒው አልባኒ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ማመንጫዎች መጨመራቸው ነው። የኦሃዮ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ካስያዙት ኃይል ቢያንስ የ85 በመቶውን ዋጋ፣ ባይጠቀሙበትም እንኳ፣ እንዲከፍሉ ወሰነ። ዓላማው ለእነርሱ ሲባል የሚዘረጋው መሥመር ወጪ በተራ ደንበኞች ላይ እንዳይወድቅ ነው።

መርሑ ትክክል ነው፤ ወጪን የፈጠረ ወጪውን ይሸከም። ነገር ግን የሚሸፍነው የሽቦውንና የምሰሶውን ዋጋ እንጂ የጭሱን አይደለም። የጭሱ ሒሳብ የሚደርሰው በደረሰኙ ላይ ስማቸው ወዳልተጻፈ ሰዎች ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም አብዛኛው የወጪና ገቢ ንግዷ የሚያልፈው በባሕር ጠለል አጠገብ በተሠራው የጅቡቲ ወደብ ነው፤ የማዕበል መከላከያው ወጪ ቢጨምር በዘይትና በማዳበሪያ ዋጋ ላይ አዲስ አበባና ጎጃም ድረስ ይዘልቃል። በኮሎምበስ የተቀመጠው በረዶ ምክንያቱን ለመለየት አግዟል። ያንን ምክንያት በዋጋ ውስጥ ማስገባት ግን የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም፤ የሕግና የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው በዘገየ ቁጥርም ከፋዩ ከአጥፊው እየራቀ ይሄዳል።