ከሁለቱ መጋቢት 22 የትኛው?

ከአያት ቅድመ አያቶቻችሁ አንዱ ዘማች እንደ ነበር ሲነገር ሰምታችሁ ይሆናል። በብዙ ቤት ታሪኩ አጭር ነው። «ዓድዋ ዘምቷል»፣ «ማይጨው ቆስሏል»፣ «አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ኖሯል» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም፤ መልስ የሚሰጡት አረጋውያንም በየዓመቱ እያነሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያን አጭር ታሪክ በቤታችሁ ባለው ሰነድ እንዴት እንደምትመረምሩት ላሳያችሁ እወዳለሁ። ምሳሌ የማደርገው የእናቴን ወገኖች ታሪክ ነው። አገራቸው ጋይንት ነው፤ ቤተ ልሔም አካባቢ።

በቅድሚያ ስለ ቤተ ልሔም አንድ ነገር እወቁ። ይህች የጋይንት ቤተ ልሔም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የድጓ ምስክር ቤት ናት። ተማሪው ድጓን በየትም አገር ይማር፣ መምህር ለመሆን ሲሻ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ከመምህሩ የሰማውና በመጽሐፉ የጻፈው ከቤቱ ትምህርት ጋር ይተያያል፤ የተጣመመው ይቃናል፤ የጎደለው ይሞላል። «እኔ እንዲህ ነው የሰማሁት» ማለት ብቻውን አያስመርቅም። እኛ ወንጌላውያን በዚያ ዜማ ባንዘምርም ከዚህ ሥርዓት የምንማረው አለ። የቤተሰብ ታሪክም ማስመስከር ያስፈልገዋል።

በእናቴ ቤት ስለ ቅድመ አያታችን የሚነገረው እንዲህ ነው፦ መጋቢት 22 ቀን ተዋጋ፤ ከሰማይ አውሮፕላን እሳት ይጥል ነበር፤ እግሩን ተመትቶ በሰው ሸክም ጋይንት ገባ። ይህን የሰማ ሁሉ ወዲያው «ማይጨው ነዋ!» ይላል። ቀኑም አውሮፕላኑም ይስማማል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በተገኙበት በማይጨው ከኢጣልያ ጦር ጋር ታላቁ ውጊያ ሆነ። ራስ ካሣ፣ ራስ ሥዩምና ራስ ጌታቸው አባተ ጦሩን በሦስት ወገን መርተው ገቡ። ጦሩ ሲመለስም በሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደበት።

ነገር ግን ለጋይንት ሰው ሌላም መጋቢት 22 አለ። ከማይጨው ልክ ስድስት ዓመት አስቀድሞ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከጋይንት ወደ ዋድላ በሚወስደው አገር፣ አንቺም በተባለው ሜዳ፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከመሐል አገር ከመጣው ጦር ጋር ተዋጉ። ራስ ጉግሣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። ንግሥቲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ከባላቸው እንዲለያዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በጌምድርን ያስተዳድሩ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ቅራኔው ከረረና ራስ ጉግሣ ሸፈቱ። ለንግሥቲቱ ክብር እንደ ቆሙ አስበው ይሆናል፤ የመጣባቸው ጦር ግን የንግሥቲቱ መንግሥት ጦር ነበር። የሚመራውም የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። መንግሥት አውሮፕላን ለውጊያ ያሰማራው በዚህ ዘመቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አውሮፕላኖቹ በቅድሚያ በራስ ጉግሣ ጦር ላይ የውግዘት ቃል ያለበት ወረቀት በተኑ፤ ቀጥሎም ቦምብ ጣሉ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ። ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ።

እንግዲህ አስተውሉ። ቀኑ አንድ ነው፤ በሁለቱም ቦታ ከሰማይ እሳት ወርዷል። በአንደኛው የተዋጋ የጋይንት ሰው አገሩን ከወራሪ ሲከላከል ነበር። በሌላው የተዋጋ ግን የገዛ ወገኑን ወጋ፤ በገዛ ወገኑም ተወጋ። ቤተሰብ የትኛውን ለልጅ ልጅ እንደሚያወራ መገመት አይከብድም።

ታዲያ በምን ይለያል? ዛሬ ወታደር ሲቀጠር የግል ማኅደር ይከፈትለታል። የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት እንኳ ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው የባላገር ዘማች በጽሑፍ የተያዘ ስም ዝርዝር የለውም። ክተት ሲታወጅ ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ መሣሪያ ያለው መሣሪያውን ይዞ፣ የአገሩን ገዥ ይከተላል። ስለዚህ ፍለጋውን በቤት ውስጥ ጀምሩ። የአያቶቻችሁን ሣጥን አስከፍቱ። የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ክርክር ውሳኔ፣ የሹመት ወረቀት፣ ሜዳይ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የብራና ዳዊት ታገኙ ይሆናል። በጎንደር አገር ርስት የሚያዘው በትውልድ ቆጠራ ስለነበር ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ትውልድና ከዚያም በላይ መቁጠር ያውቁ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ሁሉ ወረቀት ዋጋ ያጣ መሰለ። ለመሬት ክርክር አይጠቅምም፤ ለታሪክ ግን ዛሬም ይናገራል።

በማዕረግ ስም ግን አትታለሉ። ፊታውራሪ ማለት በቀድሞው አሰላለፍ ከፊት የሚመራ፣ ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች የግራውን የሚያዘምት ነው። ኋላ ግን እነዚህ ማዕረጎች ጦር ሜዳ ላልዋሉ ሹማምንትም ይሰጡ ጀመር። «ግራዝማች» የሚል ወረቀት ሰውዬው መከበሩን ይመሰክራል፤ መዋጋቱን ለማወቅ ሌላ ምስክር ያሻል።

በእኛ ቤት ጉዳዩን የፈታው የብራና ዳዊት ነው። በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ በደብተራ እጅ የተጻፈ ሁለት መስመር አለ፤ የቅድመ አያቴ ስም፣ መቁሰሉ፣ ከዚያም ጊዜው፦ ዘመነ ማርቆስ፣ መጋቢት 22፣ ዕለተ ሰኑይ። ዓመተ ምሕረቱ አልተጻፈም። ቢሆንም የአገራችን የዘመን አቆጣጠር ለሚያውቀው ይህ ይበቃል።

እናንተም አብራችሁኝ ቁጠሩ። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። 1922 ሲደመር 7422 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ ማርቆስ። 1928 ደግሞ 7428 ይሆናል፤ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ።

ዕለቱንም እንይ። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ከመስከረም 1 እስከ መጋቢት 22 ሁልጊዜ 201 ቀን ይቆጠራል፤ ይህም 28 ሳምንት ከ5 ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1922 ረቡዕ ዋለ፤ ከረቡዕ አምስት ቀን ስትቆጥሩ ሰኞ ትደርሳላችሁ። መስከረም 1 ቀን 1928 ሐሙስ ዋለ፤ መጋቢት 22 ማክሰኞ ይሆናል። ሰኑይ ሰኞ ነው። ዘመኑም ዕለቱም አንድ ቃል ተናገሩ። ቅድመ አያቴ የቆሰለው በማይጨው አይደለም፤ በአንቺም ነው፤ በራስ ጉግሣ ወገን ተሰልፎ።

ይህን ለቤተሰቡ ስናገር አክስቴ «ልጄ፣ ሙት ወቃሽ አትሁን» አሉኝ። አንድ አጎቴ ደግሞ የቤተሰቡን የትውልድ መጽሐፍ ለማሳተም ተዘጋጅተው ነበር፤ «የማይጨው ዘማች» የሚለው ይቅር ወይስ ይታተም የሚለው ብዙ አነጋገረን። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ አባትና እናትን ማክበርን ያዛል፤ ሌላው በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። ሁለቱንም የሰጠ አንድ አምላክ ነው። አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን መሻር አንችልም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዘማቾች እንዴት እንደሚጽፍ ተመልከቱ። በ2ኛ ሳሙኤል 23 የዳዊት ኃያላን ስም ተዘርዝሯል። ዳዊት ከቤተ ልሔም ጉድጓድ ውኃ ቢመኝ ሦስት ሰዎች የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው ያመጡለት ታሪክም በዚያው ይገኛል። ዳዊት ውኃው የሰዎቹ ሕይወት የተከፈለበት ነው ብሎ አልጠጣውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። የዘማች ነፍስ በንጉሥ ፊት ይህን ያህል ከብራለች። በዝርዝሩ መጨረሻ የሚመጣው ስም ግን ኬጢያዊው ኦርዮ ነው። ዳዊት ሚስቱን ወስዶ በጦር ግንባር ያስገደለው ታማኝ ወታደር! ጸሐፊው ስሙን ዘሎ ሠላሳ ስድስት ቢል ንጉሡ ባልታፈሩ ነበር። ግን ሠላሳ ሰባት አለ። ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ የሰሎሞንን እናት በኦርዮ ሚስትነት ጠራት። ያ ሐረግ የሚያደርሰን ወደ ክርስቶስ ነው። የሚያድነን ጌታ ከተሰወረ ነውር ውስጥ ሳይሆን ከተገለጠ ነውር መካከል መጣ። እንግዲያው የእኛ የዘር ሐረግ ከዳዊት ሐረግ ይበልጥ የሚሸፈንበት ምክንያት ምንድን ነው?

እውነቱን መናገር ማለት ደግሞ ቅድመ አያታችንን መኮነን አይደለም። የጋይንት ባላገር በ1922 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ነገር መርምሮ ወገን የሚመርጥበት ጊዜና መንገድ አልነበረውም። ገዥው ጠራው፤ ሄደ። ያን የውግዘት ወረቀት ከሰማይ ሲወርድ ሲያይ፣ ማንበብ የሚችል ጎረቤቱ ሲያነብለት፣ ምን ተሰማው ይሆን? በአንድ ወገን ጌታው፣ በሌላ ወገን የቤተ ክርስቲያኑ ቃል። ይህን ስታስቡ «ጀግና» ከሚለው ስም ይልቅ የሚያስጨንቅ ምርጫ የገጠመውን አንድ ሰው ታያላችሁ። ለእርሱ ማዘን ትችላላችሁ፤ ከእርሱም መማር ትችላላችሁ።

ታሪኩም አንቺም ላይ አላበቃም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ስትወር ደጃዝማች ሙሉጌታ፣ ያኔ ራስ ተብለው፣ በአምባ አራዶም ግንባር ተሰለፉ። የበጌምድር ሰዎችም በራስ ካሣ ልጅ በደጃዝማች ወንድወሰን ሥር በተምቤን ግንባር ተሰለፉ። ከስድስት ዓመት በፊት በአንቺም የተታኮሱ ሰዎች በአንድ ወገን ቆሙ። በእኛ ቤት ያለ አንድ የርስት ክርክር ወረቀት ቅድመ አያቴ በጠላት ዘመን ከአርበኞች ጋር ነበር ይላል። ይህን የተናገሩት ግን የእርሱ የራሱ ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ በአጎቴ መጽሐፍ ላይ ብዙ ተነጋግረን ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተስማማን፦ በሰነድ የተረጋገጠውን «ነበር»፣ አንድ ወገን ብቻ የመሰከረለትን «ተብሏል»፣ በአፍ ብቻ የመጣውን «ይነገራል»። «የማይጨው ዘማች» የሚለው ወጣ፤ «በአንቺም ቆሰለ» የሚለው ገባ። አክስቴም ረቂቁ ሲነበብላቸው አዳምጠው፣ «እግሩን ሲያነክስ አይቻለሁ፤ በምን እንደ ሆነ ግን አንድም ቀን አይነግረንም ነበር» አሉ። ዝምታው ራሱ አንድ ምስክር ነበር፤ የሚሰማው ያጣ።

እናንተም በመጪው በዓል ዘመድ ሲሰበሰብ ጀምሩ። አረጋውያንን በአክብሮት፣ አንድ በአንድ፣ ለየብቻ ጠይቁ፤ አብረው ሲጠየቁ ታናሹ የታላቁን ቃል ይደግማል። «ዘምቶ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ከማን ጋር ሄደ? ስንቁን ማን አዘጋጀ? ሲመለስ እርሻው ምን ላይ ነበር?» በሉ። ሰነዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ዋናውን ከባለቤቱ እጅ አታውጡ። የዘመኑን ስም ስታዩ 5500 ደምሩ። ስለ ቀድሞው ሹመትና የመሬት ሥርዓት የብላታ መርስዔ ኀዘንንና የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴን ሥራዎች በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ታገኛላችሁ።

በወጣቶች ኅብረታችሁ ውስጥ ከጎናችሁ የሚቀመጠው ወንድም ወይም እኅት ቅድመ አያት በአንቺም ከእኛው ሰው በተቃራኒ ቆሞ ተኩሶ ይሆናል። በሌላ ዘመቻ የአንዱ አያት ወታደር፣ የሌላው ወታደሩን ቀላቢ ገባር ሆነው ይሆናል። በሐሰት ከተጌጠ ታሪክ ይልቅ በእውነት የተነገረ ታሪክ ሁለታችሁን ያቀራርባል። አንድ ቀን ሁለታችሁም የየቤታችሁን ወረቀት ይዛችሁ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ አስቀድማችሁም አብራችሁ ጸልዩ።