ባለአደራ ከንቲባ

ባለአደራ ከንቲባ፦ የከተማው ሹም በሞት፣ በስንብት ወይም ወደ ሌላ ሹመት በመሻገር መንበሩን ሲለቅ፣ ሕዝቡ ተተኪውን በምርጫ እስኪሠይም ድረስ ማኅተሙን ተሹሞ በአደራ የሚቀበል ሰው ነው። ስያሜው በእኛ ዘንድ የሚያስታውሰው ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመራውን የአቶ ብርሃነ ደሬሳን አስተዳደር ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ ሥርዓት ግን መንበሩ ባዶ ሲሆን የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ለጊዜው ይተካል፤ ከዚያም 11 አባላት ያሉት ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ተተኪ ይሾማል፤ ተሿሚውም ከአባላቱ ወገን መሆኑ ግድ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የከተማይቱ ከንቲባ ጋቪን ኒውሰም የካሊፎርኒያ ምክትል ገዥ ሆነው በሄዱ ጊዜ፣ የከተማይቱ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኤድ ሊ በምርጫ እንደማይወዳደሩ ቃል ገብተው አደራውን ተቀበሉ፤ ዳሩ ግን መንበር የለመደ ሰው መነሣቱ ይከብደዋልና፣ በዚያው ዓመት ተወዳድረው አሸነፉ፤ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም በሞት እስከ ተለዩም ድረስ ከተማይቱን አስተዳደሩ። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የተሾሙት ማርክ ፋረል ግን በምርጫው ሳይወዳደሩ ማኅተሙን ለተመራጯ ለለንደን ብሪድ አስረክበዋል።