የ«ቆንጆይቱና አውሬው» ታሪክ ከመጽሐፍ እስከ ፊልም

ይህን የፈረንሳይ ተረት ብዙዎቻችን የምናውቀው ዲዝኒ በ1991 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በሥዕል ከሠራው ፊልም ነው። ያው ኩባንያ በ2017 በሕያዋን ተዋንያን ደግሞ ቢሠራው፥ «ለገንዘብ ካልሆነ ለምን ይደገማል?» የሚል ክርክር ተነሣ። ገቢው ከ1 ቢሊዮን ዶላር ማለፉን ስናይ ነቀፌታው ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ታሪኩን ብንመረምር፥ ተረቱ ሲታደስ የኖረ ነው። በ1740 ማዳም ደ ቪልነቭ አስረዝመው ጻፉት፤ በ1756 መምህርት የነበሩት ማዳም ለፕሬንስ ደ ቦሞን ለልጃገረዶች ትምህርት እንዲስማማ አሳጠሩት። በ1946 ዣን ኮክቶ በተዋንያን ፊልም አደረገው፤ ይኸውም የዲዝኒን የሥዕል ፊልም 45 ዓመት ይቀድማል።

እንግዲህ መመዘን የሚገባው መደገሙ ሳይሆን የተጨመረው ቁም ነገር ነው። የ2017ቱ ፊልም አብዛኛው ከ1991ዱ የተቀዳ ነው። ሆኖም በፊተኛው ፈልሳፊው አባትዬው ብቻ ነበር፤ በኋለኛው ግን ልጅቱ ራስዋ የልብስ ማጠቢያ ትፈለስፋለች፤ አንዲት ታናሽ ልጅም ማንበብ ስታስተምር የመንደሩ ሰዎች ይቈጡአታል። በዚህች ጥቂት ክፍል ተረቱ ወደ መምህርቷ ዓላማ ተመለሰ።

እኛም ነገ ለታናናሾቻችን ተረት ስንነግር፥ የሰማነውን ከመድገም አልፈን ለዘመናቸው የሚጠቅም ፍሬ እንጨምርበት።